ሬይኖ አትንኪው ያለኝ ላፕቶፕ

ባሌ ሬይኖ ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ ነበረው። ላፕቶፑን ከእሱ በቀር ማንም አይነካካውም። መኪናውን ከዛፍ ጋር ባላትመው "ብረት ነው፣ ይቀጠቀጣል" ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ ላፕቶፑ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ ይቀላል። "ሲልቪ፣ አንቺ ክፈቺ፣ እዪ፣ ዝጊ። ሌላውን ለእኔ ተዪው" ይለኛል። እኔም እከፍታለሁ፣ አያለሁ፣ እዘጋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ መጀመሪያ ቴሌቪዥን፣ ኋላ ኮምፒውተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ሐኪም ያገባች ሴት ደጅ ወጥታ አትታከምም እያልኩ እኮራበት ነበር። እንዲህ ያልኩ ጅል ነበርኩ።

ዘንድሮ ግን ካምፕ ሄደ።

ኅዳር ሲገባ እኛ አገር ወንድ አይገኝም። አጋዘን የሚታደንበት ወቅት ነዋ። ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ጋራዡ ይዘጋል፣ ፓስተራችን እንኳ ስብከቱን አሳጥሮ፣ ቦት ጫማውን እንዳደረገ ከመድረክ ወርዶ ይሮጣል። ሬይኖ ከወንድሞቹ ጋር የሠራት ጎጆ ጫካው መሃል አለችው። እዚያ ስልክ አይገባም፣ ሴት አትገባም። አራት ዓመት ሙሉ የአደን ፈቃዱን ተነጥቆ ኅዳር በመጣ ቁጥር ቤት ውስጥ ሲቆዝም የኖረ ሰው፣ ዘንድሮ ፈቃዱ ሲመለስለት ከደስታው ብዛት እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲወጣ ግንባሬን ሳመኝና "ላፕቶፑን እንዳትነካኪ" አለኝ። እሺ አልኩት።

እሱ በሄደ በሦስተኛው ቀን ካርታ ልጫወት ብዬ ስከፍተው ስክሪኑ ደም መሰለ። ቀይ ሆኖ ይጮሃል፤ ባንክሽ ተዘርፏልና አሁኑኑ በዚህ ስልክ ደውዪ ይላል። እንደዚህ የሚሉት ሌቦች እንደሆኑ አላጣሁትም። አጠፋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት፣ ያው ቀይ ነው። ነቀልኩት፣ አሳደርኩት፣ ጠዋትም ቀይ ነው።

ሬይኖ እስኪመጣ መጠበቅ እችል ነበር። ግን አየሩ በረዶ ነው፣ ቀኑ አጭር ነው፣ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ነገር የለም፤ ብቸኛ ጓደኛዬ ያ ማሽን ነበር። ደግሞም ሬይኖ ራሱ ዘገየ፣ ተንቀራፈፈ እያለ ሲያማርርበት ከርሟል። አሠርቼ፣ አሳምሬ ብጠብቀው ደስ ይለዋል አልኩ። ይህን ስናገር አሁንም ያንገበግበኛል። እሱን ደስ ላሰኝ ብዬ ነው።

ኖርበርት ፔልኪ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር ይጠግናል። ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ሲስቅ ጠረጴዛው የሚነቀነቅ ሰው ነው። ካምፕ ያልሄደው በረዶ ሊዝቅ ጣራ ላይ ወጥቶ ወድቆ እግሩን ስለተሰበረ ነው። ሙያውን ያስተማረው ሬይኖ ስለሆነ ላፕቶፑን ሲያይ ትንሽ አመነታ። ጋሼ ሬይኖ ይቆጣኛል አለ። እኔ ደግሞ ዕቃው የእኔ ነው፣ እሱ አጋዘን ያሳድድ አልኩት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና ቫይረሱ ከሥር እንደገባ፣ ቢያጸዳውም ተመልሶ እንደሚመጣ፣ የሚሻለው ዲስኩን ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ ዊንዶው እንደ አዲስ መጫን እንደሆነ ነገረኝ።

"ፎርማት አድርገው በቃ" አልኩት።

ኖርበርት ግን እንዲህ በቀላሉ ፎርማት አያደርግም። በአንድ ወቅት አንዲት ሴት የሠርጌን ፎቶ አጠፋብኝ ብላ በከተማው ሁሉ ስላሳጣችው፣ ከዚያ ወዲህ የራሱን ሥርዓት አውጥቷል። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ቀጥሎ የማጥፊያዋን ቁልፍ እሱ አይጫናትም፣ ባለቤቱ በገዛ ጣቱ ነው የሚጫናት።

"እትዬ ሲልቪ፣ የሚቀመጥ ነገር አለ?" አለኝ።

የለም አልኩት። ፎቶስ? የለም። እስኪ ያስቡበት፣ አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው አለኝ፤ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

"ኖርበርት፣ የሚቀመጥ ነገርማ ድሮ ነበረኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ሌቦች ወስደውታል። የልጄንም ፎቶ፣ የኢሜይል አድራሻዬንም፣ ሁሉን። ስጠኝ ልጫነው።"

ተጫንኩት። ለነገሩ ደስ አለኝ፤ የሰለቸኝን ቤት ጠርጌ ቆሻሻውን እንደደፋሁ ያህል ነው የቀለለኝ።

ማሽኑ ሲያጠፋና ሲጭን ጊዜ ይወስዳል። ኖርበርት ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲ አሙቆ ለሁለት ከፈለልን፤ እሱ በካቻፕ አጥለቅልቆ በላ፣ እኔ እንደ ጨዋ ሰው ባዶውን። እየበላን ስለ ሃይዲ ጠየቀኝ። አብረው ነው የተማሩት። እኔም ለሰው የማላወራውን ማውራት ጀመርኩ።

ሃይዲ አንድ ልጄ ናት። ከአባቷ ጋር የተጣላችው በአጋዘን ምክንያት ነው ብል የሌላ አገር ሰው ይስቅብኛል፣ ኖርበርት ግን አልሳቀም። አንድ ሰው በአንድ ፈቃድ ከሚገባው በላይ መግደል አይችልም። እኛ አገር ያሉ ባሎች ታዲያ በሚስታቸው ስም ሌላ ፈቃድ ያወጡና በትርፉ አጋዘን ላይ የሚስታቸውን መለያ ወረቀት ያስሩበታል። ቤተ ክርስቲያናችን ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ከማድ ቤት ሳይወጡ አጋዘን ገድለዋል። ሬይኖም እንደዚያው አደረገና አዲስ የመጣ ብሬት የሚባል የአደን ተቆጣጣሪ መንገድ ላይ ያዘው። ይህን አጋዘን እርስዎ ነዎት የገደሉት ብሎ እቤት ድረስ መጥቶ ጠየቀኝ። እጄ ዱቄት ነው። አዎ አልኩ። በየትኛው ጠመንጃ አለኝ። በረጅሙ አልኩት። ሃይዲ ከኋላዬ ቆማ ስትሰማ በሳቅ ወደቀች፤ እሱም ሳቁን መያዝ አቃተው። የተዋወቁት እንዲያ ነው።

ሬይኖ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተቀጣ፣ ፈቃዱንም ጠመንጃውንም ተነጠቀ። በዓመቱ ሃይዲ ያንን ተቆጣጣሪ አገባች። ሬይኖ ሠርጉ ላይ አልሄድም አለ፣ እኔም ቀረሁ። ሚስት ነኛ። ለእሷ ብዬ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋሁትን ብርድ ልብስ ታቅፌ ቤት ዋልኩ። እሷ ግን ልቧ ሰፊ ነው፣ ከባሏ ጋር ከትልቁ የሐይቅ ድልድይ ማዶ ከተዛወሩ በኋላም እሑድ እሑድ በላፕቶፑ ትደውልልኝ ነበር። ሬይኖ እንጨት ሊፈልጥ ይወጣል፣ እኛ ፊት ለፊት እየተያየን እናወራለን። ስንጨርስ አለቅሳለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ሬይኖ ፊቱ ጠቁሮ መጣና ሌቦች ላፕቶፑ ውስጥ ገብተው የምንደዋወልበትን አድራሻዬንና ፎቶዎቼን እንደወሰዱ፣ እሱም የቀረውን ዘግቶ አዲስ አድራሻ እንዳወጣልኝ ነገረኝ። የቤቱንም ስልክ ቁጥር በዚያው ሳምንት አስለወጠው። አዲሱን ለሃይዲ ንገራት አልኩት፣ ነገርኳት አለኝ። ሰነበተና ከእናንተ ጋር ጨርሻለሁ፣ አትፈልጉኝ ብላለች አለኝ። በድሮው ስልኳ ብደውል ተዘግቷል። ገና ሲደርስ ያንን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ላክልኝ ብዬ ሰጠሁት፤ ፖስታ ቤት የሚሄደውም፣ ፖስታ የሚያመጣውም እሱ ነው፣ የእኔ ጉልበት በረዶ ላይ አይሆንም። መልስ አልመጣም። ከልጇ ሠርግ የቀረች እናት በምን አፏ ትወቅሳለች ብዬ ዝም አልኩ። ሬይኖ በዚያ ሰሞን ሻይ እያፈላ ያባብለኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ እለው ነበር።

ኖርበርት ይህን ሁሉ ሲሰማ ማኘኩን አቁሟል።

ማሽኑ ጨረሰ። አዲስ ላፕቶፕ ሲከፈት እንደሚያደርገው ቋንቋ ጠየቀን፣ አገር ጠየቀን፣ ቀጥሎ አድራሻና የይለፍ ቃል አለ። እዚህ ላይ ቆምኩ። አዲሱን አድራሻዬን በቃሌ አላውቀውም። ሬይኖ ነው ያስገባው፤ ማሽኑ በራሱ ይከፍተዋል እንጂ እኔ አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም። የድሮዬን ግን እንቅልፍ ላይ ሆኜ ብትጠይቁኝ አልስተውም፤ የይለፍ ቃሉ የሞተው ውሻችን ስም ነው።

"የድሮው ሞቷል፣ ሬይኖ ዘግቶታል" አልኩት።

ኖርበርት ይሞክሩት እስኪ አለኝ። ከሞተ አልገባም ይለናል፣ ያኔ ሌላ እናወጣለን አለኝ። ጻፍኩ። ትንሿ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ እንኳን ደህና መጣሽ ሲልቪ አለኝ።

ገና ደህና ሳንተነፍስ ማሽኑ ይንጫጫ ጀመር። ሃይዲ ደውላ ነበር። ሃይዲ ደውላ ነበር። ሃይዲ ደውላ ነበር። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ከሥሩ ይመጣል። መጀመሪያ እሑድ እሑድ ነበር። ቀጥሎ በወር አንዴ። ከዚያ ገና፣ ፋሲካ፣ የእኔ ልደት። መጨረሻ ላይ ያለው ባለፈው መስከረም፣ በልደቴ ቀን፣ ድምጿን የተወችበት ነው። ኖርበርት ድምፁን ከፈተልኝና ክራንቹን ይዞ ብሎን ልፈልግ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

"እማዬ፣ መልካም ልደት። ልጁ ዛሬ ሻማ እፍ ማለት ተማረ። እንደማታነሺው አውቃለሁ። ከእንግዲህ አልደውልም፣ አላስቸግርሽም።"

ልጁ ነው ያለችው። ልጅ እንዳላት አላውቅም ነበር። አያት ሆኜ ሻማ እፍ ማለት እስኪማር ድረስ አንድም ሰው አልነገረኝም።

ኖርበርት ሲመለስ ሌባ የወሰደው አድራሻ እንዴት በድሮው ይለፍ ቃል ይከፈታል አልኩት። ጺሙን አሻሸ። ሌባ አድራሻ ሲወስድ መጀመሪያ የሚለውጠው ይለፍ ቃሉን ነው፣ ይሄ ግን አልተለወጠም፤ አልተዘጋም፣ አልተነካም፣ ከእርስዎ ማሽን ላይ ብቻ ነው የተነሳው አለኝ።

"ሬይኖ ተሳስቶ ይሆን?" አልኩት። እንዲህ ብዬ የጠየቅኩት አዎ እንዲለኝ ነው።

"እትዬ ሲልቪ፣ ይሄን ያስተማረኝ እሱ ነው" አለ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። እኔ ግን ከፈረስ አልወደቅኩም፤ አርባ ዓመት አብሬው ከተኛሁት ሰው አልጋ ነው የወደቅኩት። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ፣ ሌላ ሴት ቢይዝ እንዲህ አልቆስልም ነበር። ልጄን ከእኔ ሰርቆ፣ ለቅሶዬን ቁጭ ብሎ እያየ፣ ሻይ ያፈላልኝ ነበር። ያለፉትን ሦስት ኅዳር ከቤት ያልወጣውም ፈቃድ ስላጣ ብቻ አይደለም። ዘብ ቆሞ ነበር።

እዚያው ሱቅ ሆኜ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ልትዘጋብኝ ነው ስል ተነሳ። ፊቷ ከስቷል፣ ፀጉሯን ቆርጣዋለች። ከኋላዋ አንድ ወርቃማ ፀጉር ያለው ልጅ ማንኪያ ይዞ ድስት ይደበድባል። እኔ አለቀስኩ። እሷ ግን አላለቀሰችም፣ ማን ሞተ ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልሞተም አልኳትና የሆነውን እንደምንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"እማዬ፣ አጋዘኑንም አንቺ ነበርሽ የገደልሽው" አለች።

በዚያ ቀን ለባሌ ብዬ ስዋሽ ዓይኗ እያየኝ ነበር። ከሠርጓም ለእሱ ብዬ ነው የቀረሁት። አሁን ደግሞ አባትሽ ነው ያጠፋው ብላት፣ የሁለታችሁ ነገር ነው፣ ተጣልታችሁ ይሆናል፣ ነገ ስትታረቁ ደግሞ ሌላ ትዪኛለሽ አለችኝ። ልጁ አንዴ ተስፋ አድርጎ አያት አለኝ እንዲል፣ ከዚያ እንዲያጣ አልፈልግም አለች። ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

"እሱ ራሱ ይንገረኝ። ከአፉ ልስማው። እሑድ እደውላለሁ፤ የመጨረሻዬ ነው" ብላ ዘጋችው።

ላፕቶፑን ታቅፌ ወደ ቤት ስነዳ አንድ ነገር እርግጠኛ ነበርኩ። ሬይኖ ክፉ ነገር ሠርቷል፣ ግን እሷ ፊት ቀርቦ አንዲት ዓረፍተ ነገር አይነፍገኝም። ስንት ዓመት ገበናውን ሸፍኛለሁ፣ አንዴ የራሱን ጥፋት ይሸከማል አልኩ። ይህን እያልኩ አራት ቀን ጠበቅኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። ፒክአፑ ላይ ትልቅ ወንድ አጋዘን ጭኗል፣ ጺሙ አድጓል፣ ጭስ ጭስ ይሸታል። ሳውናው፣ የእንፋሎት መታጠቢያችን፣ ሞቋል ወይ አለኝ። ሞቋል አልኩት። ታጥቦ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሲገባ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ጠበቀው። የሃይዲ ጥሪዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ቆሞ አየው። ማን ነካው አለ መጀመሪያ።

"ፎርማት አስደረግኩት" አልኩት።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይክዳል ብዬ ነበር፣ አልካደም። እንዲያውም ረጋ ብሎ፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው አስረዳኝ። ከእሷ ጋር ባወራሽ ቁጥር ታለቅሺ ነበር፣ ማታ አትተኚም፣ ምግብ አትበዪም አለኝ። ያ ሰው ጠመንጃዬን ወስዶ፣ ስሜን በከተማው አጥፍቶ፣ ልጄንም ጨመረበት፤ አንቺንም እሑድ እሑድ ሊወስድብኝ ነበር አለኝ። ትንሽ ጊዜ ይለፍ ብዬ ነው የጀመርኩት፣ ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ አለ።

"ብርድ ልብሱስ?" አልኩት።

"ካምፕ ነው ያለው" አለ። "ሌሊት ይበርዳል።"

ከሁሉ ያ ቃል ነው አንጀቴን የበጠሰው። የሰፋሁላት ለእሷ ነበር፤ እያንዳንዷ ቁራጭ ከልጅነት ቀሚሷ የወጣች ናት። እሱ ለብሶት ይተኛል። ተናደድኩ፤ ሳህን አንስቼ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። ግን ሳህን ልጄን አይመልስልኝም። ቁጭ አልኩና አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። ነገ ስትደውል እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እናትሽ አታውቅም በል፤ ያን ካልክ ይህን ነገር እስክሞት አላነሳብህም አልኩት።

"እሺ ሲልቪዬ፣ እላታለሁ" አለኝ። እጄንም ያዘኝ። እኔም አመንኩት። ሰው ስንት ጊዜ ይሞኛል ብትሉኝ አላውቅም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጺሙን ተላጨ፣ የሰንበት ሸሚዙን ሳያወልቅ ፀጉሩን አበጠረ። ላፕቶፑን ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ውጭ ነፋሱ ቤቱን ይወዘውዘዋል። ስትደውል ራሱ ነው ተጭኖ ያነሳው።

ሃይዲ ብቻዋን ናት፤ ልጁን ከክፍሉ አስወጥታዋለች። አባዬ አለችው። በሰላም ነሽ ወይ አላት። ልጄ መግደርደር አታውቅም። እሱን በቀጥታ ጠየቀችው፦ የእማዬን አድራሻ የቀየርከው፣ እኔ ስደውል እንዳይሰማት ያደረግከው አንተ ነህ ወይ?

ሬይኖ ጉሮሮውን ጠረገ። የአደን ተቆጣጣሪው ሚስት ናት ፊቱ ያለችው። መንገድ ላይ የያዘው ያ ሰው ከበሩ ኋላ ቆሞ ይሰማል ብሎ አስቦ ይሆናል፣ ወይም አባት በልጁ ፊት መዋረድ ሞት መስሎት ይሆናል። እኔ አላውቅም፣ ለማወቅም አልደከምኩም።

"አየሽ ሃይዲ፣" አላት፣ "እኔ እጄ ነው የሠራው። ያለችኝ ግን እናትሽ ናት። ሰለቸኝ፣ አስለቀሰችኝ፣ ዝጋልኝ አለችኝ። ዘጋሁላት። አሁን ናፈቅሻት፣ ጥፋቱን እኔ ላይ አደረገችው። እኔም ለሰላም ብዬ እሺ አልኩ።"

ዞሬ አየሁት። ወደ እኔ አላየም፤ ስክሪኑን ነው የሚያየው፣ ፊቱም ልክ እውነት የተናገረ ሰው ፊት ነው። ከሦስት ዓመቱ ስርቆት ይልቅ ይህቺ አንዲት ደቂቃ ከበደችኝ። ያኛውን ከጀርባዬ ነበር የሠራው። ይህን ግን ትከሻው ትከሻዬን እየነካ፣ ትናንት እጄን ይዞ ቃል ከገባልኝ በኋላ ነው።

የሃይዲ እጅ ወደ ጥሪ መዝጊያው ሲሄድ አየሁት።

በአርባ ዓመት ውስጥ በሰው ፊት ስለ ሬይኖ አንድም ክፉ ቃል ብዬ አላውቅም። ሰክሮ ወንድሙን ሲደበድብ በረዶ አዳልጦት ነው ብያለሁ። ከሥራ ሲባረር ጀርባውን አሞት ነው ብያለሁ። አፌ መሸፈን እንጂ መግለጥ አልለመደም፤ ቃሉ ሲወጣ ጥርሴን የሚነቅል ነው የመሰለኝ።

"አባትሽ ይዋሻል" አልኩ። "ያኔም አጋዘኑን የገደለው እሱ ነው፤ እኔ ጠመንጃ ይዤ አላውቅም። ዛሬም ይዋሻል። ብታምኚኝም ባታምኚኝም ከዚህ ቤት ወጥቼ አንቺ ጋ እመጣለሁ። ባትከፍቺልኝ መኪናዬ ውስጥ ደጅሽ ላይ እቀመጣለሁ። ልጁን በመስኮት ካየሁት ይበቃኛል።"

ሬይኖ "ሲልቪ" አለ።

ሃይዲ አባቷን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ፣ ረጅም ጊዜ፣ ዓይኗ ሳይርገበገብ። እጇ ከመዝጊያው ላይ ሲወርድ አየሁ። ያመነችኝ ይሁን ያዘነችልኝ ለይቼ አላውቅም።

"እማዬ" አለች፣ "ድልድዩ በነፋሱ ምክንያት ተዘግቷል። ነገ ጠዋት ተነሺ። ወፍራሙን ካፖርትሽን ልበሺ፣ መኪናሽ ማሞቂያው አይሠራም።"

እሺ ልጄ አልኳት። ከወንበሬ ተነስቼ ሻንጣዬን ላወርድ ወደ ፎቅ ወጣሁ። ሬይኖ ከላፕቶፑ ፊት አልተነሳም።